የመስሪያ ቤት ቪፒኤን በቤት ሊኑክስ ሰርቨር በኩል እምቢ ሲል፦ ፓኬቱ የት እንደቀረ ፈልጎ ማግኘት

የመስሪያ ቤት ቪፒኤን አልገናኝ ሲል አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በመቀየር ነው። ፋየርዎሉን ያጠፋል፣ ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል፣ ፕሮግራሙን አራግፎ እንደገና ይጭናል። አንዳንዴ ይሳካለታል፤ ነገር ግን ከዚያ ሁሉ የትኛው እንደሠራ ስለማያውቅ ችግሩ በተመለሰ ቁጥር ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። የቤቱን ኢንተርኔት በሊኑክስ ሰርቨር የሚያከፋፍል ሰው ግን ሌላው የሌለው ዕድል አለው። ከላፕቶፑ የሚወጣው እያንዳንዱ ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ ትንሽ የመረጃ ጥቅል) በእጁ ባለ ማሽን ውስጥ ያልፋል፤ ሲገባም ሲወጣም ማየት ይችላል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የቆመበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ፓኬቱ የት ድረስ እንደሄደ በዓይንዎ ሳያዩ ምንም ነገር አይቀይሩ።

የማወራው ስለሚከተለው አቀማመጥ ነው። የመስሪያ ቤቱ ቪፒኤን የተጫነበት ላፕቶፕ አለ። ላፕቶፑ በዋይፋይ ወይም በገመድ ከሊኑክስ ሰርቨሩ ጋር ተያይዟል፤ ሰርቨሩ ራስቤሪ ፓይ፣ ሚኒ ፒሲ ወይም ሁለት የኔትወርክ ካርድ የገባለት አሮጌ ዴስክቶፕ ሊሆን ይችላል። ከሰርቨሩ ቀጥሎ የኢንተርኔት አቅራቢው ራውተር፣ ከዚያ ማዶ ደግሞ የመስሪያ ቤቱ የቪፒኤን መቀበያ አለ። ሰርቨሩ ወደ ቤት የሚያይ አንድ ኢንተርፌስ፣ ወደ ኢንተርኔት የሚያይ ሌላ ኢንተርፌስ አለው፤ ከዚህ በኋላ የቤት እግርና የውጭ እግር እላቸዋለሁ። የትዕዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ ጽፌአለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ አብዛኞቹም የአስተዳዳሪ ሥልጣን ከሚሰጠው ከሱዶ ጋር ይተየባሉ።

በመሃል የመስሪያ ቤቱን ቁልፍ ወይም ሰርተፊኬት ከላፕቶፑ አውጥቶ ሰርቨሩ ላይ የመጫን ሐሳብ ይመጣል። ያለ አይቲ ክፍሉ ፈቃድ አያድርጉት። ቁልፉ የተሰጠው ለእርስዎና ለዚያ ማሽን ነው፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ መቀመጡ ከቴክኒክ ችግሩ የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ደረጃ 1፦ ጥፋቱ ቤት ነው ወይስ ማዶ?

ላፕቶፑን ከቤቱ ዋይፋይ ያላቁትና ከስልክዎ ሆትስፖት ጋር ያገናኙት። ከዚያ ቪፒኤኑን ይሞክሩ። በሆትስፖት ከሠራ የይለፍ ቃልዎ፣ ሰርተፊኬቱና የመስሪያ ቤቱ መቀበያ ጤነኞች ናቸው ማለት ነው፤ ችግሩ ሰርቨሩ ወይም የቤቱ መስመር ላይ ነው። በሆትስፖትም ካልሠራ ግን ሰርቨሩን መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። የላፕቶፑን ሰዓት ይመልከቱ፤ ሰርተፊኬት የሚሠራበት ቀን የተወሰነ ስለሆነ ሰዓቱ የተዛባ ማሽን ትክክለኛውን ሰርተፊኬት እንኳ ጊዜው ያለፈበት ወይም ያልደረሰ ብሎ ይጥለዋል። ስልክ ላይ የሚመጣው ባለ ስድስት አኃዝ ኮድም አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ የሚቀየር ስለሆነ የስልኩ ሰዓት ትክክል መሆን አለበት። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጉዳዩ የአይቲ ክፍሉ ነው።

የስልኩና የቤቱ መስመር ከአንድ አቅራቢ ከሆኑ ይህ ሙከራ ሙሉ መልስ አይሰጥም። በሌላ አቅራቢ ሲም ቢሞክሩት ይሻላል።

ሁለተኛ ሙከራ፦ ላፕቶፑን ሰርቨሩን ዘለው በቀጥታ ከአቅራቢው ራውተር ጋር ያገናኙት። እዚያ ሠርቶ በሰርቨሩ በኩል ካልሠራ ጥፋተኛው ተለይቷል።

ደረጃ 2፦ የቪፒኤኑን ዓይነትና በር ማወቅ

«ቪፒኤን» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ እያንዳንዱ ዓይነት የሚወጣበት በር (ፖርት) የተለያየ ነው። ዩዲፒና ቲሲፒ የሚባሉት ደግሞ ፓኬት የሚላክባቸው ሁለት ስልቶች ናቸው። ኦፕንቪፒኤን በተለምዶ ዩዲፒ 1194 ይጠቀማል፤ ብዙ ድርጅቶች ግን ቲሲፒ 443 ላይ ያደርጉታል። ዋየርጋርድ የተለመደው በሩ ዩዲፒ 51820 ነው። አይፒሴክ በዩዲፒ 500 ይጀምርና መንገዱ ላይ «ናት» (የቤት ውስጥ አድራሻን በውጭ አድራሻ የሚተካ አሠራር) እንዳለ ሲያውቅ ወደ ዩዲፒ 4500 ይሻገራል፤ ናት ከሌለ ደግሞ ኢኤስፒ የሚባለውን፣ የፕሮቶኮል ቁጥሩ 50 የሆነውንና በር የሌለውን ፕሮቶኮል ይጠቀማል። በብሮውዘር ዓይነት መግቢያ የሚጀምሩት የድርጅት ቪፒኤኖች ቲሲፒ 443 ከፍተው ለፍጥነት ዩዲፒ 443ን ይጨምራሉ።

ፒፒቲፒ የሚባለው አሮጌ ዓይነት ቲሲፒ 1723ና የፕሮቶኮል ቁጥር 47 የሆነውን ጂአርኢ ይፈልጋል። መስሪያ ቤትዎ እስካሁን ይህን የሚጠቀም ከሆነ ምስጠራው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ማይክሮሶፍትም በ2024 ፒፒቲፒንና ሌላውን አሮጌ ዓይነት ኤልቱቲፒን ከወደፊት የዊንዶውስ ሰርቨር ስሪቶች ሊያስወጣ እንደሆነ አስታውቋል። እሱን ለመጠገን ከመድከም በሌላ እንዲተኩት ለአይቲ ክፍሉ ማመልከት ይሻላል።

የመቀበያውን ስም ከቪፒኤን ፕሮግራሙ ቅንብር ላይ ይቅዱ። ሰርቨሩ ላይ «ጌትኤንት ሆስትስ» ብለው ስሙን ቢጽፉ የቁጥር አድራሻውን ይሰጥዎታል። አድራሻው፣ ፕሮቶኮሉና የበሩ ቁጥር ከዚህ በኋላ በየደረጃው ስለሚያስፈልጉ ወረቀት ላይ ይያዙ።

ደረጃ 3፦ ሰርቨሩ በእርግጥ ያስተላልፋል?

ቤት ውስጥ ያለው ሌላ ኢንተርኔት ሁሉ የሚሠራ ከሆነ ይህን በፍጥነት ይለፉት። ካልሆነ ሦስት ነገር ይዩ።

«ሲስሲቲኤል» ከሚለው ትዕዛዝ ጋር «ኔት ነጥብ አይፒቪ4 ነጥብ አይፒ ፎርዋርድ» የሚለውን ቅንብር ይጠይቁ፤ በስሙ ውስጥ «አይፒ» እና «ፎርዋርድ» በታች ሰረዝ ይያያዛሉ። መልሱ 1 መሆን አለበት። 0 ከሆነ ሰርቨሩ የሌላ ሰው ፓኬት አያስተላልፍም። በእጅ 1 ያደረጉት ቅንብር ሰርቨሩ ሲነሳ እንዳይጠፋ በኢቲሲ ማውጫ ውስጥ ባለው የ«ሲስሲቲኤል ነጥብ ዲ» ማኅደር በፋይል መጻፍ አለበት። መብራት በጠፋ ማግስት ብቻ የሚከሰት ችግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ያልተጻፈ ቅንብር ነው።

ቀጥሎ «አይፒ ራውት ጌት» ብለው የመቀበያውን አድራሻ ይጻፉ። መልሱ ፓኬቱ በየትኛው ኢንተርፌስ እንደሚወጣ ይናገራል፤ የውጭ እግር መሆን አለበት። ዶከር (ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ሣጥን፣ ማለትም በኮንቴይነር፣ የሚያስኬድ መሣሪያ) ወይም ሌላ ቪፒኤን ሰርቨሩ ላይ ካለ መንገዱን ወደ ራሱ ሊስበው ይችላል። ዶከር ሳይነገረው በ172.17.0.0/16 ይጀምራል፤ ተጨማሪ ኔትወርክ ሲፈጥርም ቀጣዮቹን ይወስዳል። ድርጅትዎ በ172.16 እና በ172.31 መካከል ያለ አድራሻ የሚጠቀም ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ።

ሦስተኛው የናት ደንብ ነው። «አይፒቴብልስ ሰረዝ ቲ ናት ሰረዝ ትልቁ ኤል ሰረዝ ቪ ሰረዝ ኤን» ቢሉ በፖስትራውቲንግ ሰንሰለት (ለሚወጡ ፓኬቶች በተጻፉ ደንቦች ዝርዝር) ውስጥ ለውጭ እግሩ የተጻፈ «ማስከሬድ»፣ ማለትም ላኪውን በሰርቨሩ አድራሻ የሚተካ ደንብ፣ ማየት አለብዎት። በአይፒቴብልስ ፈንታ አዲሱን የፋየርዎል መሣሪያ ኤንኤፍቲን የሚጠቀሙ ከሆነ «ኤንኤፍቲ ሊስት ሩልሴት» ያው መልስ ይሰጣል።

ደረጃ 4፦ በሁለቱ እግሮች ላይ ማዳመጥ

የምርመራው ልብ ይህ ነው። ሁለት ተርሚናል ይክፈቱ። በአንዱ «ቲሲፒደምፕ ሰረዝ ኤንአይ» ብለው የቤት እግሩን ስም፣ ቀጥሎ «ሆስት» ብለው የመስሪያ ቤቱን መቀበያ አድራሻ ይጻፉ። በሌላው ተርሚናል ያንኑ ትዕዛዝ በውጭ እግሩ ስም ይድገሙ። አሁን ላፕቶፑ ላይ ቪፒኤኑን ያገናኙ፤ ሁለቱንም መስኮት ይመልከቱ።

ቲሲፒደምፕን ሲያነቡ አንድ ነገር ማወቅ ግድ ነው። ወደ ሰርቨሩ የሚገባ ፓኬት የሚታየው ፋየርዎሉ ከመፍረዱ በፊት ነው፤ የሚወጣ ፓኬት የሚታየው ግን ፋየርዎሉንም ናቱንም ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ በቤት እግሩ ላይ ፓኬት መታየቱ ፋየርዎሉ ፈቅዶለታል ማለት አይደለም። በውጭ እግሩ ላይ ከታየ ግን ሰርቨሩ አሳልፎታል። በውጭ እግሩ ላይ ላኪው ላፕቶፑ ሳይሆን ሰርቨሩ ሆኖ መታየት አለበት፤ የላፕቶፑ የቤት አድራሻ እዚያ ከታየ ናቱ አልሠራም፣ መልስም አይመጣም።

ከዚህ የሚወጡት ፍርዶች ጥቂት ናቸው።

በቤት እግሩ ምንም ካልታየ ፓኬቱ ከላፕቶፑ አልወጣም ወይም በሌላ መንገድ ሄዷል። የላፕቶፑ ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚወጣበት ማሽን) ሰርቨሩ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከአቅራቢው ራውተር ዋይፋይ ጋር ሳይታወቅ ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። አይፒቪ6 (አዲሱ የአድራሻ ሥርዓት) ካለም ፓኬቱ በዚያ ሊሄድ ስለሚችል «ሆስት» የሚለውን ማጣሪያ ትተው በበሩ ቁጥር ብቻ ያዳምጡ።

በቤት እግሩ ታይቶ በውጭ እግሩ ካልታየ ሰርቨሩ ራሱ ነው የበላው። ወደ ደረጃ 5 ይሂዱ።

በውጭ እግሩ ወጥቶ መልስ ካልመጣ ሰርቨሩ ነፃ ነው። ደረጃ 6 ይመለከትዎታል።

መልሱ ወደ ውጭ እግሩ መጥቶ በቤት እግሩ ካልወጣ ደግሞ ሰርቨሩ መልሱን የማን እንደሆነ አላወቀውም። ይህም ደረጃ 5 ላይ ነው።

በሁለቱም እግር ሂያጁም መጪውም ከታየ ኔትወርኩ ሥራውን ሠርቷል። አልተገናኘም የሚለው መልእክት የሚመጣው ከይለፍ ቃል፣ ከሰርተፊኬት ወይም ከቪፒኤን ቅንብር ነው፤ የፕሮግራሙን ሎግ (የክንውን መዝገብ) ያንብቡ።

ደረጃ 5፦ ሰርቨሩ ፓኬቱን ሲበላ

«አይፒቴብልስ ሰረዝ ትልቁ ኤል ፎርዋርድ ሰረዝ ቪ ሰረዝ ኤን» የሚለውን በ«ዋች» ትዕዛዝ ውስጥ ያስገቡት፤ ቁጥሮቹ በየሁለት ሰከንዱ ይታደሳሉ። «ፎርዋርድ» የሚለው በትልልቅ ፊደላት ነው የሚጻፈው። ላፕቶፑ ሲሞክር የትኛው መስመር ላይ ያለው ቆጣሪ እንደሚያድግ ይዩ። የሚያድገው «ድሮፕ» (ፓኬቱን ጣል) የሚለው መስመር ወይም የሰንሰለቱ ጠቅላላ ደንብ ከሆነ ጥፋተኛውን አገኙት።

ቤት ሰርቨር ላይ በብዛት የሚገኘው ምክንያት ዶከር ነው። ዶከር ሲነሳ የፎርዋርድ ሰንሰለቱን ጠቅላላ ደንብ ወደ «ድሮፕ» ሊለውጠው ይችላል፤ ትናንት በሰላም ያስተላልፍ የነበረ ሰርቨር ዶከር በተጫነ ማግስት ለቤቱ ሁሉ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። መፍትሔው የዶከርን ደንቦች መሰረዝ አይደለም፤ ሲነሳ መልሶ ይጽፋቸዋል። «ዶከር ዩዘር» የሚባል ሰንሰለት ለእርስዎ የተተወ ነውና ከቤት እግር ወደ ውጭ እግር የሚሄደውን፣ እንዲሁም የተጀመረ ግንኙነት መልስ የሆነውን እዚያ ይፍቀዱ።

ዩኤፍደብሊው የሚባለውን የፋየርዎል መሣሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ እሱም ማስተላለፍን ሳይነገረው ይከለክላል። «ዩኤፍደብሊው ራውት አላው ኢን ኦን» ብለው የቤት እግሩን፣ «አውት ኦን» ብለው የውጭ እግሩን ቢጽፉ ለእነዚህ ሁለት ብቻ ይከፍታል። ሁሉንም ከመክፈት ይህ ይመረጣል።

መልስ መጥቶ የማያልፍ ከሆነ ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። አንዱ «አርፒ ፊልተር» ነው፤ ይህ የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ቅንብር 1 ሲሆን ፓኬቱ የመጣበት መንገድ ሰርቨሩ ለመመለስ ከሚመርጠው መንገድ ጋር ካልተመሳሰለ ይጥለዋል። አንድ መስመር ባለበት ቤት አይታወቅም። ፋይበርና የ4ጂ ሞደም ጎን ለጎን በሚሠሩበት ቤት ግን ዝም ብሎ ይገድላል። እሴቱን 2 ያድርጉት። ለሁሉም ከተጻፈው እሴትና ለኢንተርፌሱ ብቻ ከተጻፈው የሚበልጠው ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ አንዱን 0 ማድረግ ምንም ላይቀይር ይችላል። «ሎግ ማርሺያንስ» የሚለውን ቅንብር 1 ካደረጉት በዚህ ምክንያት የተጣሉት ፓኬቶች በከርነሉ ሎግ ውስጥ ይጻፋሉ። ሁለተኛው ተጠርጣሪ የፒፒቲፒ ረዳት ሞጁል ነው፤ ከከርነል 4.7 ወዲህ ረዳቶቹ በራሳቸው ስለማይነሱ ጂአርኢ ናት አልፎ አይመለስም።

ደረጃ 6፦ ወጥቶ መልስ ሲጠፋ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ኤንሲ» በሚባለው መሣሪያ በሩን ይፈትሻል። ለቲሲፒ ጥሩ ነው፤ ከፍቶ ካሳየ ክፍት ነው። ለዩዲፒ ግን ያሳስታል፤ ዩዲፒ ሰላምታ የሌለው ስለሆነ ማንም ካልተቃወመው «ተሳክቷል» ይላል። ዋየርጋርድ ደግሞ ሆን ተብሎ የማያውቀውን ቁልፍ ለያዘ ሰው አንዲት ፓኬት አይመልስም። ስለዚህ የዩዲፒ ፈተና የሚሠራው እውነተኛውን የቪፒኤን ፕሮግራም ሲጠቀሙ ብቻ ነው።

የውጭ እግሩን አድራሻ ይመልከቱ። በ192.168፣ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ከሰርቨሩ በላይ ሌላ ናት አለ፤ የመጨረሻው ለአቅራቢዎች የጋራ ናት የተመደበ ክልል ነው። ወደ ውጭ ለሚወጣ ዩዲፒና ቲሲፒ ይህ ችግር አይፈጥርም። በር ለሌላቸው ለኢኤስፒና ለጂአርኢ ግን እንቅፋት ነው። አይፒሴክ ወደ ዩዲፒ 4500 መሻገሩን በቲሲፒደምፕ ይዩ። በዩዲፒ 500 ተነጋግሮ 4500 ላይ ሲደርስ ዝም የሚል ከሆነ 4500 መንገድ ላይ ተዘግቷል።

ድርጅቶች የሚቀበሉትን አድራሻ በአገር ወይም በዝርዝር ይወስናሉ። ከውጭ አገር ድርጅት ጋር ከአዲስ አበባ የሚሠራ ሰው፣ ወይም እረፍቱን አገር ቤት እያሳለፈ ላፕቶፑን የከፈተ ዲያስፖራ፣ መልስ የማያገኘው መቀበያው አገሩን ስለማይቀበል ሊሆን ይችላል። ይህ ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት የለውም፤ አስቀድሞ ማሳወቅ ብቻ ነው የሚፈታው።

ዩዲፒ በጠቅላላ የሚታፈን ከሆነ አይቲ ክፍሉ በቲሲፒ 443 የሚገባ አማራጭ እንዳለው ይጠይቁ። ፓኬት በሚጠፋበት መስመር ላይ ቲሲፒ በቲሲፒ ውስጥ ሲሄድ ይንቀራፈፋል፤ ግን ከምንም ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ተገናኝቷል፣ ግን ምንም አይከፈትም

በጣም አድካሚው ይህ ነው፤ አረንጓዴው ምልክት በርቶ ሥራ የለም። ሦስት ምክንያቶችን በቅደም ተከተል ያጣሩ።

የመጀመሪያው የአድራሻ መደራረብ ነው። ቤትዎ 192.168.1.0/24 ከሆነና የመስሪያ ቤቱ ፋይል ሰርቨር 192.168.1.20 ላይ ካለ ላፕቶፑ ጎረቤቱ ስለሚመስለው ፓኬቱን ወደ ተነሉ (ወደ ቪፒኤኑ የተመሰጠረ መስመር) ሳይሆን ወደ ሳሎኑ ይልከዋል። ላፕቶፑ ላይ የመንገድ ሰንጠረዡን ያውጡ፤ ሊኑክስ ላይ «አይፒ ራውት»፣ ዊንዶውስ ላይ «ራውት ፕሪንት» ነው። ከተደራረበ የመስሪያ ቤቱን መቀየር ስለማይችሉ የቤቱን ይቀይሩ። 192.168.0ንና 192.168.1ን፣ እንዲሁም 10.0.0ን ትተው እንደ 192.168.87.0/24 ያለ ሰው የማይመርጠውን ይውሰዱ። ይህን አንዴ አድርገው ቢገላገሉት የወደፊቱ ሥራዎም ይቀላል።

ሁለተኛው ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው። በቁጥር አድራሻ ይከፈታል፣ በስም አይከፈትም፦ ምልክቱ ይህ ነው። ላፕቶፑ ሊኑክስ ከሆነ «ሪዞልቭሲቲኤል ስታተስ» በየትኛው ኢንተርፌስ የትኛው ዲኤንኤስ እንደሚጠየቅ ያሳያል፤ የመስሪያ ቤቱ ስም በተነሉ በኩል መጠየቅ አለበት። ብሮውዘሩ የራሱን የተመሰጠረ ዲኤንኤስ ካበራ ሁሉንም አልፎ ወደ ኢንተርኔት ስለሚጠይቅ የውስጥ ስሞችን አያገኝም፤ ያጥፉት። ቤት ሰርቨሩ ላይ ዲኤንኤስማስክ የሚባለው የዲኤንኤስ ፕሮግራም ካለ ደግሞ «ስቶፕ ዲኤንኤስ ሪባይንድ» የሚለውን ቅንብር ይፈልጉ። ከውጭ የመጣ መልስ የግል አድራሻ ከያዘ ለደኅንነት ሲል ይጥለዋል፤ አንዳንድ ድርጅቶች ግን የውስጥ አድራሻቸውን በይፋዊ ዲኤንኤስ ላይ ያስቀምጣሉ። ጥበቃውን ከማጥፋት «ሪባይንድ ዶሜይን ኦኬ» በሚለው ለመስሪያ ቤቱ ዶሜይን ብቻ ይፍቀዱ።

ሦስተኛው የፓኬት መጠን ነው፤ ኤምቲዩ። ፒንግ ይሠራል፣ ትንንሽ ገጽ ይከፈታል፤ ትልቅ ፋይል ሲጎተት ወይም ሪሞት ዴስክቶፕ ሲከፈት ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተራ የኢተርኔት መስመር 1500 ባይት ይሸከማል፤ አንዳንድ አቅራቢዎች የሚያገናኙበት ፒፒፒኦኢ 8 ባይት ስለሚወስድ 1492 ይቀራል፤ ተነሉ ደግሞ የራሱን ራስጌ ይጨምራል። ዋየርጋርድ በዚህ ምክንያት ነው 1420 የሚጀምረው።

ለመለካት ቪፒኤኑን ያጥፉና ሰርቨሩ ላይ «ፒንግ ሰረዝ ትልቁ ኤም ዱ ሰረዝ ትንሹ ኤስ 1472» ብለው ውጭ ያለ አድራሻ ይጻፉ። 1472 ላይ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመር 1500 ይሆናል፤ ትዕዛዙም ፓኬቱ እንዳይከፋፈል ያዛል። ካላለፈ 1464ን ይሞክሩ፤ ካለፈ መስመርዎ 1492 ነው። እስኪያልፍ ድረስ ይቀንሱ።

እዚህ ላይ በሰፊው የሚመከር አንድ መድኃኒት አለ፤ ሰርቨሩ ላይ «ክላምፕ ኤምኤስኤስ ቱ ፒኤምቲዩ» የሚለውን፣ የቲሲፒን የፓኬት መጠን ወደ መስመሩ አቅም የሚቀንሰውን ደንብ መጨመር። ቪፒኤኑ ላፕቶፑ ላይ ከሆነ ይህ ደንብ በተነሉ ውስጥ ያለውን ቲሲፒ አይነካውም፤ ሰርቨሩ የሚያየው የተመሰጠረ ዩዲፒ ብቻ ነውና ውስጡ ያለውን ቁጥር ሊያርም አይችልም። መጠኑ መቀነስ ያለበት ላፕቶፑ ላይ በተነሉ ኢንተርፌስ ነው። ለሙከራ 1280 ያድርጉት። በ1280 ሁሉ ነገር ከተከፈተ ምርመራው አልቋል፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ከፍ ያድርጉት። ኦፕንቪፒኤን ላይ «ኤምኤስኤስፊክስ 1300» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። በፋየርዎልዎ አይሲኤምፒን በጠቅላላ የከለከሉ ከሆነም ይመልሱት፤ «ፓኬቱ በዝቷል፣ ቀንሰህ ላክ» የሚለው መልእክት የሚመጣው በእሱ ነው።

ደረጃ 8፦ ይሠራና ከደቂቃዎች በኋላ ይቋረጣል

ሰርቨሩ የእያንዳንዱን ግንኙነት መዝገብ በኮንትራክ ይይዛል። ዩዲፒ ዝም ካለ መዝገቡ ይሰረዛል፤ መልስ ላላገኘ ግንኙነት 30 ሰከንድ፣ ሲመላለስ ለቆየ 120 ሰከንድ ነው የተለመደው ገደብ፤ በቆዩ ከርነሎች 180 ነው። ከላይ ያለው የአቅራቢው ናት ከዚህም ሊያሳጥረው ይችላል። ስለዚህ ቡና ለመጠጣት ተነስተው ሲመለሱ የሚቋረጥ ቪፒኤን መፍትሔው የሕይወት ምልክት ፓኬት ነው። ዋየርጋርድ ላይ «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» 25፣ ኦፕንቪፒኤን ላይ «ኪፕአላይቭ 10 60» ይበቃል። ቅንብሩ በአይቲ ክፍሉ ከተቆለፈ ሰርቨሩ ላይ የዩዲፒውን ገደብ ወደ 300 ሰከንድ ከፍ ማድረግ በቤት በኩል ያለውን የችግሩን ግማሽ ይፈታል።

ሁለት መስመር ያላቸው ቤቶች የራሳቸው ችግር አላቸው። ዋናው መስመር ሲቋረጥ ሰርቨሩ ወደ 4ጂ ይዞራል፣ ኢንተርኔት ይመለሳል፣ ቪፒኤኑ ግን አይመለስም። የናት ደንቡ በ«ኤስናት» (የውጭ አድራሻው በቋሚነት በሚጻፍበት ዓይነት) ከተጻፈ አሮጌው መዝገብ የሞተውን መስመር አድራሻ ይዞ ይቀጥላል፤ ላፕቶፑም በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚልክ መዝገቡ አይሞትም። «ኮንትራክ ሰረዝ ትልቁ ዲ ሰረዝ ፒ ዩዲፒ» ብለው የመቀበያውን በር ቢጨምሩ መዝገቡ ይሰረዝና ወዲያው ይገናኛል። ለዘለቄታው «ማስከሬድ»ን ይጠቀሙ፤ የሚወጣበት ኢንተርፌስ ሲቀየር አሮጌውን መዝገብ ራሱ ይጥላል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚፈጠረው ደግሞ ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ራስቤሪ ፓይ እስከ 4ኛው ሞዴል ድረስ የራሱ ሰዓት የለውም፤ 5ኛውም ባትሪ ካልተገጠመለት ጊዜ አይጠብቅም። ሰርቨሩ ሲነሳ ባለፈው ቀን ላይ ይቆማል። ዲኤንኤሱ ፊርማ የሚያረጋግጥ ከሆነ የሁሉንም ስም ፊርማ ጊዜው ያልደረሰ ብሎ ይጥላል፤ የሰዓት ሰርቨሩን ስም እንኳ ማግኘት ስለማይችል ሰዓቱን ማስተካከል ያቅተዋል። ቤቱ ሁሉ ስም አይፈታም፣ ቪፒኤኑም መቀበያውን አያገኝም። ሰዓት በሚያስተካክለው ፕሮግራም በክሮኒ ላይ ከስሞቹ በተጨማሪ አንድ የሰዓት ሰርቨር በቁጥር አድራሻ ይጻፉ፤ የክላውድፍሌር 162.159.200.1 ለዚህ ይሆናል። አነስተኛ ዩፒኤስ ለሰርቨሩም ለራውተሩም መግዛት ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ቪፒኤኑ ሰርቨሩ ላይ ሲሆን

በፈቃድ ቪፒኤኑን ሰርቨሩ ላይ ከጫኑ ነገሩ በሁለት ይለያል። አሁን ተነሉ የሚጀምረው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ቅድም አይረዳም ያልኩት የኤምኤስኤስ ደንብ እዚህ ይሠራል፤ በፎርዋርድ ሰንሰለት ይጨምሩት። ከቤት እግር ወደ ተነሉ ለሚሄደውም የተለየ ማስከሬድ ያስፈልጋል፤ መስሪያ ቤቱ የቤትዎን አድራሻ አያውቀውምና። ደንቡን ለእርስዎ ላፕቶፕ አድራሻ ብቻ ይጻፉት፤ የልጆቹ ታብሌትና የሳሎኑ ቴሌቪዥን መስሪያ ቤት ውስጥ ጉዳይ የላቸውም።

የሰዓቱ ነገር እዚህ ይብሳል። ዋየርጋርድ በእያንዳንዱ መጨባበጫ የጊዜ ማኅተም ይልካል፤ መቀበያው ካለፈው የሚያንስ ማኅተም ካየ የተቀዳ ፓኬት ነው ብሎ ዝም ይለዋል። ሰዓቱ ወደኋላ የተመለሰ ሰርቨር ቁልፉ ትክክል ሆኖም መልስ አያገኝም። ስለዚህ ሰዓቱ ሳይስተካከል ተነሉ እንዳይነሳ አገልግሎቶችን በሚያስነሳው በሲስተምዲ ያስጠብቁት።

ለአይቲ ክፍሉ ምን ይላካል

ደረጃ 6 ላይ የቆመ ሰው መጨረሻው ለአይቲ ክፍሉ መጻፍ ነው። «ቪፒኤን አልሠራም» የሚል መልእክት ብዙ ጊዜ «ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩት» የሚል መልስ ያመጣል። ይልቅ የሚከተለውን ይጻፉ፦ በየትኛው ፕሮቶኮልና በር እንደሞከሩ፣ የቤትዎን ይፋዊ አድራሻ፣ ፓኬቱ ከውጭ እግሩ መውጣቱንና መልስ አለመምጣቱን፣ በሆትስፖት መሥራት አለመሥራቱን። የቲሲፒደምፑን ጥቂት መስመሮች ያያይዙ፤ ቁልፍና የይለፍ ቃል ግን በምንም ምክንያት አይላኩ።

ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ይጻፉ። የድርጅት ሎግ በብዛት በዚያ ነው የሚቀመጠው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ላይ የሞከሩት በኮምፒውተሩ 9፡00 ነው፤ በእነሱ ሎግ ላይ 06፡00 ሆኖ ተጽፏል። «ዴት ሰረዝ ዩ» የሚለው ትዕዛዝ በዚያው ቅጽበት ዩቲሲውን ስለሚሰጥ ሙከራውን ከመጀመርዎ በፊት አንዴ ያስኪዱትና ውጤቱን ከነሰከንዱ ይቅዱት። አስተዳዳሪው በዚያች ደቂቃ ከእርስዎ አድራሻ የመጣ ፓኬት ሎጉ ላይ ካገኘ የሚፈትሸው የራሱን ፋየርዎል ነው፤ ካላገኘ ደግሞ ጥያቄውን ይዘው የሚሄዱት ወደ ኢንተርኔት አቅራቢዎ ነው።